ስክሪኑን ለምን ሸፈንነው?

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ወደ ጊታር ማድመጫ ምሽታችን በደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት እለፉ፤ የመጀመሪያው ረድፍ እንደ ሁልጊዜው ባዶ ነው። አምፕሊፋየሩ ገና አልተከፈተምና ለጆሯችሁ አትስጉ።

ስትገቡ ግድግዳው ላይ ነጠላ ለብሶ ያያችሁት ነገር ስክሪኑ ነው። ነጠላው የባለቤቴ ነው፤ ቡና እንዳትደፉበት አደራ። በሩ ላይ አንድ ወጣት በፍላሽ ቪዲዮ ይዞ መጥቶ፣ የዛሬው ደንብ ድምፅ ብቻ መሆኑን ሲሰማ «ታዲያ ጣቱ ካልታየ ምኑን ልንሰማ ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዘጋጆቹም «ደንቡን ያመጣኸው አንተ ነህና አንተው አስረዳ» ብለው መድረኩን ሰጥተውኛል። ሩብ ሰዓት አለኝ።

ሥርዓቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚወደውን አንድ የጊታር ሥራ ያሰማል፤ ሮክም ይሁን በጣት ብቻ የሚመታ። ካሰማ በኋላ «እኔን የያዘኝ ቦታ ይህ ነው» ብሎ ያንኑ ቦታ ይደግመዋል። «በጣም ደስ ይላል» ማለት አይበቃም። «የዓለም አንደኛው ጊታሪስት እርሱ ነው» ማለት ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። ባለፈው ስንገናኝ በዚህ ጉዳይ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ተከራክረን፣ አንድም ዘፈን ሳንሰማ ነው የተበተንነው።

ከራሴ ልጀምር። በ1979 ዓ.ም. አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበረ፤ ቤታችን አራት ኪሎ ነው። የአክስቴ ልጅ ምንም ያልተጻፈበት ካሴት አዋሰኝ። እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። በካሴቱ ላይ ካሉት ዘፈኖች አንዱ ላይ ጆሮዬ ተተክሎ ቀረ። የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት የለበትም፤ አውራ ጣት ከታች አንድ ወጥ አረማመድ ይዞ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ጣል ጣል ያደርጋሉ። ካንሳስ የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ደስት ኢን ዘ ዊንድ» መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የቴፓችን የመብራት ገመድ ጠፍቶ ስለ ነበረ በአራት ትልልቅ ባትሪዎች ነበር የሚሠራው። ባትሪ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ሲብስበት በጥርሳችን ነከስ ነከስ እናደርገዋለን። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ስትስቁ አያለሁ። ባትሪ የደከመበት ቴፕ ይጎተታል፤ ሲጎተት ደግሞ ድምፁ ይወርዳል። እኔ ይህን መች አውቄ! ጊታሬ ከቴፑ ጋር አልስማማ ሲለኝ ስድስቱንም ክሮች ግማሽ ድምፅ አወረድኳቸው። ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያው ተለማመድኩ። ከዚያ ቤዝ የሚጫወት የሠፈራችን ልጅ ጋር አብረን ስንጀምር፣ ቆም ብሎ አየኝና «ጊታርህን አሞታል እንዴ?» አለኝ።

ይባስ ብሎ ዘፈኑ እንዴት እንደ ተወለደ ኋላ ሳነብ፣ ደራሲው ኬሪ ሊቭግሬን ያቺን የጊታር አመታት የጣት መልመጃ አድርጎ ነበር የሚጫወታት። ባለቤቱ ሰምታ «ይህማ ዘፈን ይወጣዋል» ባትለው ኖሮ መልመጃ ሆና ትቀር ነበር። እኔ ሁለት ወር የደከምኩባት ነገር ለሰውየው ማሟሟቂያ ነበረች ማለት ነው።

በዚያ ስሕተቴ ረዥም ጊዜ ሳፍር ኖሬ፣ ቀና ያልኩት የአሜሪካዊውን ጊታሪስት የቼት አትኪንስን ታሪክ ሳውቅ ነው። መርል ትራቪስ የሚባለው የኬንታኪ ሰው ጊታር የሚመታው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ብቻ ነበር። አውራ ጣቱ ከቤዝ ክር ወደ ቤዝ ክር እየተመላለሰ ምቱን ይጠብቃል፤ ሌባ ጣቱ ዜማውን ይለቅማል። አትኪንስ ገና ልጅ እግር ሳለ ይህን ሰው በሬዲዮ ሰማው። አላየውም። ይህ ሁሉ ድምፅ በሁለት ጣት ይወጣል ብሎ ስላልጠረጠረ፣ የሰማውን ለማግኘት ተጨማሪ ጣቶች አሠማራ። ዛሬ የአትኪንስ አመታት የምንለው ነገር የተገኘው ከዚህ ነው። አትኪንስን ደግሞ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በአውስትራሊያ በሬዲዮ ሰማው፤ ቶሚ ኢማኑኤል። እ.ኤ.አ. በ1999 አትኪንስ ራሱ ለኢማኑኤል የጊታር ባለሙያነት ማዕረግ ሰጥቶታል። አትኪንስ ትራቪስን ያኔ በቪዲዮ ቢያየው ኖሮ ሁለት ጣት ቆጥሮ፣ ሁለት ጣት ገልብጦ ይቀመጥ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

እዚህ ላይ ግን ለበሩ ላዩ ወጣት አንድ ነገር ልመንለት። እ.ኤ.አ. በ2006 የጊታሪስቱ የአንዲ ማኪ «ድሪፍቲንግ» ቪዲዮ በኢንተርኔት ሲሠራጭ ደጋግመው ካዩት አንዱ እኔ ነኝ። ግራ እጁ ከጊታሩ አንገት በታች መሆኑ ቀርቶ ከላይ ተሻግሮ ክሩን ይመታል፣ ቀኙ የጊታሩን ሆድ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ይህንን በጆሮ ብቻ ብሰማው ሦስት ሰው ነው የሚጫወተው ብዬ እምል ነበር። ስለዚህ ነጠላው ሌሊቱን ሙሉ አይቆይም። ሰምተን፣ ገምተን፣ ከተከራከርን በኋላ ይነሣል፤ የፈለገ ያኔ ቪዲዮውን ያሳያል። ዓይን ተራውን ይጠብቅ ነው የምለው። ዓይን ቀድሞ ከገባ ጆሮ ሥራ ይፈታል፤ ግራ እጅ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ሲሯሯጥ እያየን «ኧረ!» ስንል አውራ ጣቱ ከታች ምን እንደ ሠራ ሳንሰማ ዘፈኑ ያልቃል።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ። የሮክ ወዳጆች በግራ፣ የጣት ሰዎች በቀኝ ተቀምጣችኋል። ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላላችሁም። በቀኝ ያላችሁት ዲስቶርሽን፣ ያንን ሆን ተብሎ የሚሻከር የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ፣ ስትሰሙ ፊታችሁን ስትቋጥሩ አውቃለሁ። ለእናንተ አንድ ታሪክ አለኝ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ስትሰማ «ይህን የሚያጉረመርም ነገር አጥፋልኝ» ትል ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን የዓለሙ አጋን የበገና ካሴት ራሷ ትከፍታለች። በገና አሥር ክር አለው። ክሩ ብርኩማው ላይ ከሚያርፍበት ቦታ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ እንዚራ ትባላለች። ክሩ ሲነካ ቆዳዋን እየነካካ ያንን የሚያጉረመርም ድምፅ የሚሰጠው እርሷ ናት። እንዚራዋ ትንሽ ከሸሸች ድምፁ ባዶ ይሆናል፤ ደርዳሪው ቦታዋን እስኪያገኝ ድረስ በትዕግሥት ይገፋታል፣ ይስባታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የኪንክስ ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ ለንደን ውስጥ የትንሿን አምፕሊፋየር ስፒከር በምላጭ ተለተለው። የተቀደደው ወረቀት ሲርገበገብ የሚወጣው ድምፅ ነው «ዩ ሪሊ ጎት ሚ» ላይ የምንሰማው። አንዱ ጸሎት ነው፣ ሌላው የጎረምሳ ዘፈን፤ አላመሳስላቸውም፣ እናቴም ከመቃብር ተነሥታ ትቆጣኛለች። ነገር ግን የጠራ ክር ብቻውን አይበቃም፣ አንድ የሚያንዘረዝር ነገር ይግባበት ማለትን አባቶቻችን ከሮክ ሰዎች ብዙ ቀድመው ያውቁታል።

በግራ ላላችሁት ደግሞ ሌላ አለኝ፤ እኔ ራሴ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ቅኝት የምትለዋን ቃል ስሙልኝ። ክሩን ማጥበቅና ማላላት መቃኘት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸውም ቅኝት ናቸው። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሩን ይቃኛል፤ ከዚህ ጥቂት እርምጃ ርቆ ባለው ብሔራዊ ቴአትር ያገለገሉት አስናቀች ወርቁም ሆኑ ሌላው ክራር ተጫዋች ካሳ ተሰማ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። የጊታር ሰው ግን ስድስቱን ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ አንድ ጊዜ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ በሚባሉት ድምፆች ከቃኘ ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን በዚያው ይገፋል። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ዴቪ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞሮኮ ደርሶ ዑድ የሚባለውን የዓረቦች ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎችን ሰምቶ፣ ከእነርሱ ጋር የሚስማማ አዲስ ቅኝት ይዞ ተመለሰ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ክር አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ አወረዳቸው። ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ።

(ጊታር ያነሣል፤ ሦስቱን ክሮች ያላላል።)

ስሙ። ስድስቱንም ባዶ ነው የምነካው፤ ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ደስታም አይልም፣ ሐዘንም አይልም፤ ለሜጀር ወይም ለማይነር የሚያደላው ሦስተኛው ድምፅ የለበትምና። የሌድ ዜፕሊን ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ በባንዱ የመጀመሪያ አልበም በአኩስቲክ ጊታር ሲጠቀምበት፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1975 «ካሽሚር» የተባለውን ከባድ ሮክ የሠራው በዚሁ ቅኝት ነው። የሮክ ሰዎች፣ የምትወዱት ነገር እናት ቤቱ የት እንደ ሆነ አያችሁ?

ክሮቹን ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ፣ እስከዚያው አንድ ነገር አስቡልኝ። ትዝታ ሜጀርን ከጂ ብንነሣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ይሆናል። አሁን በተለመደው የጊታር ቅኝት ባዶ ክሮቹን ቁጠሩ፤ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ከትዝታ የወጣ አንድም የለም፤ ከትዝታም የጎደለ አንድም የለም። ይህን ያስተዋልኩት ጊታር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ መሆኑ አሁንም ያናድደኛል። ያ ሁሉ ዓመት ትዝታን ፍለጋ ፍሬት ለፍሬት ስንከራተት፣ እርሷ ምንም ሳይነካ እዚያው ተቀምጣ ነበር።

ስለ ጥፍር ሁለት ቃል። ወጣት ሳለሁ በባንክ መስኮት ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። የቀኝ እጄን ጥፍሮች ለጊታር አሳድጋለሁ፣ የግራውን አሳጥራለሁ። አንድ ቀን ብራቸውን ስቆጥርላቸው የነበሩ እናት እጆቼን ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ ግራህን የቆረጠልህ ሰው ቀኝህን ለምን ተወው?» አሉኝ። መልስ አጥቼ እንደ ገና ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የመሃል ጣቴ ጥፍር ስቴፕለር ላይ ተሰብሯል፤ ዛሬ የምትሰሙኝ በሥጋ ነው። ጥፍር ድምፁን ያሾለዋል፤ ሥጋ ያለዝበዋል። ጊታሪስቱ ማርክ ኖፕፍለር «ሰልታንስ ኦፍ ስዊንግ» ላይ ፒክ (የክር መምቻ ቁራጭ) ሳይዝ በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ ሲጫወት ክሩ እንዴት «ጧ» እንደሚል አድምጡ፤ ሳብ አድርጎ ነው የሚለቀው። የሮክ ጊታሪስቱ ጄፍ ቤክም በጎልማሳነቱ ፒኩን ጥሎ በጣት ብቻ ነው የቀጠለው። እነዚህ ሁለቱ ከአዳራሹ በየትኛው ወገን ይቀመጡ ነበር?

ከሀገራችን ሥራ ይዞ የመጣ ሰው እንዲቀድም እፈልጋለሁ። ጃኖ ባንድን የያዛችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። የአይቤክስንና የሮሃን ባንዶች ሥራ ግን የያዘ ሰው አላየሁም፤ ጊታሪስታቸው ሰላም ስዩም ከድምፃዊው ኋላ ሆኖ የሚያስገባቸውን አጫጭር የጊታር መልሶች ለይቶ የሚያሰማን ሰው ካለ ቦታዬን እለቅለታለሁ። ዘፋኙን ስንሰማ ኖረን ጊታሩን ያልሰማንባቸው ዘፈኖች ብዙ ናቸው።

መብራት ከጠፋ ማንም እንዳይነሣ። የሮክ ሰዎች ታርፋላችሁ፣ የጣት ሰዎች ትቀጥላላችሁ፤ ሲመጣ ተራ ትቀያየራላችሁ።

የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው። ካሴቱ ይኸው። ቴፑም ያው የአራት ኪሎው ቴፕ ነው፤ ላስቲኩን አስቀይሬዋለሁ። ሁለት ዓይነት ባትሪ ይዣለሁ፤ አራት አዲስ፣ አራት የደከመ። በአዲሱ ኋላ እናሰማዋለን። መጀመሪያ ግን በደከመው ስሙልኝ፤ እኔን የያዘኝ ቦታ እዚያ ላይ ነው ያለው። ከኋላ ያለኸው ወንድሜ፣ በሩን ገርበብ አድርግልን።