ስቱኮው ያለባት ኮሮላ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ እናወራለን ብዬ ነበር፤ ይቆየን። ለቤተሰቡ ያገለገለ መኪና እየፈለግን እንደሆነ ነግሬያችሁ ነበር፤ አልገዛንም፣ ገና ነን። አንድ ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። እሱን ላውራችሁና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ የጻፋችሁልኝን ልመልስ። የኤሌክትሪክ መኪና ግዙ ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ትክክል ናችሁ፣ ነዳጁ ሲታሰብ ልብ ይማርካል። እኛ ግን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የት ሰክቼ ነው ቻርጅ የማደርገው? ደግሞ ሁለተኛ እጅ ኤሌክትሪክ ስትገዙ ዋናው ነገር ባትሪው ነው፤ ባትሪ የሚመረምርልኝ የማምነው ሰው የለኝም። ለሞተር ግን ዝምተኛው አለልኝ። ብዙ ስለማይናገር እንዲህ የምንለው መካኒካችን ነው።

ስለዚህ የቀረን አሮጌ የነዳጅ መኪና ነው። እሱም ቢሆን እንደድሮው አይደለም። በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ወጣና አሮጌ መኪና ማስገባት ከባድ ሆነ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የምንዛሬው ለውጥ መጣ። እና ከተማው ውስጥ ያለው መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ሰው ለዓመታት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ ይሸጣል። እኛ ለዓመታት እቁብ ጥለን ያጠራቀምነው ይበቃል ስንል ዋጋው ቀድሞን ይሄዳል።

እሺ። ሁለት ቀርተውናል፤ ቪትዝና ኮሮላ፣ ሁለቱም ቶዮታ።

ቪትዟን ያየናት ሜክሲኮ አካባቢ ነው። በፈረንጅ የ2008 ናት፣ አንድ ሺህ ሲሲ። ታበራለች። ወንበሯ ታጥቧል፣ ጎማዋ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ዝምተኛው ጎርበስ ብሎ የጎማውን ጎን በጣቱ ጠረገና አራት ቁጥር አሳየኝ፤ 1114። በ2014 በአስራ አንደኛው ሳምንት የተመረተ ጎማ ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ። እናንተም ይህቺን ያዙልኝ፣ ጎማው ላይ ተጽፎ ነው ያለው፣ ማንም ሊያየው ይችላል።

ከዚያ መሪውን ነካ አደረገና «ዞሯል» አለ። ቃሉ ይቺው ናት። እኔም ቤት ገብቼ ሳስበው ገባኝ። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ ሌላ አገር ያሪስ ነው የሚሏት። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። እውነተኛ ቪትዝ ሆና መሪዋ በግራ ከሆነ፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ዳሽቦርዷን ፈቷል፣ መሪውን አዙሯል፣ የፍሬን ፔዳሏን ወደዚህ አምጥቷል። ጎበዝ ባለሙያ ከሠራው ብዙ ዓመት ይነዳል፤ ስንቱ እየነዳ ነው። ግን ማን ሠራው? የት? የፊት መብራቷስ አብሮ ተቀይሯል ወይስ አሁንም ወደ ግራ እያበራ የመጪውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል? ሻጩን ጠየቅኩት። «እኔ ስገዛት እንዲሁ ነበረች» አለኝ። በቃ።

ለሙከራ ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ወጣናት። አምስታችንም ገባን፣ እማዬ ከፊት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። አንድ ሺህ ሲሲ ላይ ሩብ ሲቀነስ አስቡት። ሞተሩ እያቃሰተ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስንደርስ እማዬ ዳሽቦርዱን እየዳበሰች «አይዞሽ» ትላታለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ፍሬኑን ነበር የማስበው።

ኮሮላዋ ተክለሃይማኖት፣ አንድ ግቢ ውስጥ ናት። በፈረንጅ 2004። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፣ መንዳት አቁመዋል። ዝምተኛው ገና እንደገባ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ጠዋት ሲነሳ የሚያወጣውን ጭስ ይደብቅባችኋል። የዘይት ክዳኑን ከፈተ፣ ወተት የመሰለ ነገር የለም፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ አልገባም ማለት ነው። አስነሳት፣ ከኋላ ቆሞ ጭሱን አየ። ዝም አለ። ዝም ካለ ጥሩ ነው።

እና አሁን ወደዚያች ነገር ልምጣ።

ጋሼ «ልጄ፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። ደላላው የሚያወራው ለባለቤቴ ነው፣ እንደለመደው። እርሳቸው ግን እኔን ነው የጠሩት። ወደ ኋላ ወሰዱኝ፣ በግራ በኩል፣ መብራቱ አጠገብ። «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። እጄን ይዘው ላሜራው ላይ አስቀመጡት። «እዚህ ጋ ስቱኮ አለ፣ የተጎዳውን ላሜራ የሞሉበት። ቆሜ ሳለሁ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ መታኝ። አንኳኪው።» አንኳኳሁት። ደብ አለ። በቀኝ በኩል ወስደው ደግሞ እንዳንኳኳ አደረጉኝ። ያኛው ጠራ አድርጎ ይጮኻል። «ሰማሽ? ልዩነቱ ይሄ ነው» አሉኝ። ልክ እንደሚያስተምሩኝ።

ማንም አልጠየቃቸውም እኮ። ቀለሙ በደንብ ተሠርቷል፣ እኔ በዓይኔ አላየሁትም። ይዘውት ዝም ማለት ይችሉ ነበር።

ደላላው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «አያችሁ! ራሳቸው ተናገሩ። እንግዲህ ዋጋው ላይ እንነጋገራለን» አለና እዚያው ቁጥር ጠራ። ዋጋውን ክፉኛ ጣለው። ጋሼ እጃቸውን ከመኪናዋ ላይ አነሱ። እርሱን አላዩትም። እኔን ነው ያዩኝ። ምን እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ቁጣ አይደለም። ልመናም አይደለም። እኔ አንድ ነገር እንድል የጠበቁ መሰለኝ። ወይም እኔ ነኝ እንደዚያ ያሰብኩት። ባለቤቴ «አስበን እንደውላለን ጋሼ» አለ። ቡና ፈልቶ ነበር፤ አቦሉን ጠጥተን ወጣን።

ዝምተኛው መንገድ ላይ ነው የተናገረው። እቃ መጫኛው ውስጥ ምንጣፉን አንስቶ የስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ወለል አይቶታል። አልተጨማደደም። ከኋላ በኃይል የተመታች መኪና እዚያ ላይ ነው የምትናገረው አለ። ሻንሲዋ ቀጥ ያለ ነው፤ የፊት ሾኮቿ ግን አልቀዋል፣ ይቀየራሉ። ዕቃው ሱማሌ ተራ ሞልቷል። ሊብሬውና የሻንሲ ቁጥሩም ይገጥማል። እዳና እገዳ ይኖርባት እንደሆነ ደግሞ ውል ከመፈራረማችን በፊት እናጣራለን።

ስለዚህ መልሱ ግልጽ ነው ትሉኛላችሁ። እኔም እላለሁ። የተመታችበትን ቦታ የማውቃት መኪና፣ ምኗንም ከማላውቀው የምታብለጨልጭ መኪና ትሻለኛለች። ልጆቼን ነው ከኋላ የማስቀምጠው። ግን ደግሞ ባለቤቴ ስለ ነዳጅ የሚያነሳው ውሸት አይደለም፣ ቪትዟ በጣም ቆጣቢ ናት። የእማዬ ጉልበትም አለ። ኮሮላዋ ዝቅ ትላለች፤ እማዬ ለመውረድ በሩን ይዛ ስትታገል አይቻለሁ። ከቪትዟ ግን ቀጥ ብላ ነው የወረደችው። ይህን ሳስብ እንደገና እዞራለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደላላው ደወለ። «ሽማግሌውን አሳምኛቸዋለሁ፣ ከዚያም በታች ይወርዳሉ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? ገንዘብ ነው፣ የልጆች ገንዘብ ነው። ግን ተናደድኩ። እውነቱን ስለተናገሩ ነው እኮ የሚወርዱት። የቪትዟ ሻጭ ምንም ስላልተናገረ አምስት ሳንቲም አልቀነሰም።

ጋሼ በጠየቁት ዋጋ ብንገዛትስ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት። «እቁቡ የሁለታችን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ስቱኮ ያለበት መኪና ደግሞ ዋጋው ቢቀንስ ነውር የለውም፣ የትም አገር ይቀንሳል። ግን ምን ያህል? ደላላው የጠራው ቁጥር ግን... ኧረ እንጃ። ለጋሼ በቀጥታ ልደውል ብዬ ነበር፣ ስልካቸው ያለው ደላላው ጋ ነው፣ አይሰጠኝም። ግቢውን ግን አውቀዋለሁ። ልሂድ እንዴ? ሄጄስ ምን እላቸዋለሁ፣ ገና ሳንወስን...