ፔሮል ላይ ስሙ የሌለውስ?

(በደሴ ከተማ ለነጋዴዎች፣ ለሠራተኞችና ለእድር መሪዎች የቀረበ ንግግር)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የማነሳው ብዙዎቻችን የረሳነውን ጊዜ ነው፤ የኮሮናን ጊዜ። ከሱ በኋላ ጦርነት መጣብን፤ ትልቁ ሐዘን ትንሹን ሸፈነው። ግን አንድ ነገር አንርሳ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙው ሱቅ አስቀድሞ ተዳክሞ ነበር። መነሻ ገንዘቡን በ2012 ለቤት ኪራይና ለቀለብ ጨርሶታል።

እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። የሆቴል፣ የጋራዥ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር መዝገብ እይዛለሁ። መንግሥት ያኔ የሰጠውን ድጋፍ የማውቀው ከመዝገቡ በኩል ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። በሚያዝያ ደግሞ እስከ 2007 የነበረ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ ከ2008 እስከ 2011 ላለው ወለድና ቅጣቱ ተነሳ። ሥራው ቆሞበት ደመወዝ መክፈሉን ያላቋረጠ ድርጅትም ከሠራተኛው የሚቆርጠውን የሥራ ግብር ለአራት ወር ገቢ እንዳያደርግ ተፈቀደለት።

እነዚህ ጥሩ እርምጃዎች ነበሩ፤ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ውዝፉ ሲሰረዝለት እፎይ ያለ ነጋዴ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ግን የአራት ወሩን የግብር ምሕረት አብረን እናስላው። 4,000 ብር ደመወዝ ያለው የሆቴል አስተናጋጅ እንውሰድ። በጊዜው ሕግ የሚቆረጥበት ግብር በወር 497 ብር ከ50 ነው። በአራት ወር 1,990 ብር ይሆናል። ሆቴሉ ግን እንግዳ ሳይገባለት ለዚህ ሰው 16,000 ብር መክፈል አለበት። ወደ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ እንውረድ። በ1,200 ብር የምትሰፋ ልጅ እንበል። ግብሯ በወር 60 ብር ነው። የአራት ወሩ ድጋፍ 240 ብር። 600 ብርና ከዚያ በታች ለሚከፈለውማ ምንም አልነበረም፤ ያኔ ከመጀመሪያውም ግብር አይቆረጥበትም ነበር። ደመወዙ ባነሰ ቁጥር ድጋፉም አነሰ። ይህ የማንም ክፋት አይደለም። ድጋፉ በግብር በኩል ስለሄደ ግብር ያለበት ቦታ ብቻ ደረሰ።

«ሠራተኛ አታሰናብት» ማለት ተገቢ ነው። አሠሪው «ከምን ልክፈለው?» ሲል ግን የሚያጠግብ መልስ ሊያገኝ ይገባል።

ይህ እንግዲህ ፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። የሌለውስ?

የላሊበላን አስጎብኚ አስቡት። ደመወዝ የለውም፤ የሚበላው ቱሪስት ሲመጣ ነው። አውሮፕላኑ ባዶ ሲሆን እሱ፣ በቅሎ አከራዩና መስቀል የሚሸጠው ልጅ በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ። ለሆቴሎችና ለአስጎብኚ ድርጅቶች በዝቅተኛ ወለድ ብድር ተመቻችቶ ነበር። በቅሎ አከራይ ግን ምን አስይዞ ይበደራል? ሰኞ ገበያ ላይ ጉልት የምትቸረችረውን እናትም አስቡ። የሚሰረዝላት ውዝፍ የለም። ባንክ ቤት ገብታ አታውቅም። ግማሽ ሰው ብቻ ጫን የተባለው ባለ ታክሲም እንደዚያው። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የነበረው የደረጃ «ሐ» ነጋዴ እንኳ መዝገብ አይይዝም ነበር፤ ምን ያህል እንደከሰረ በምን ያሳያል?

እዚህ ጋ ደሴ አንድ ጥሩ ነገር ነበራት። የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሆች በማኅበረሰብ ሥራ ክፍያ የሚያገኙበት ፕሮግራም፣ ቀድሞ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። ሴፍቲኔት ውስጥ የነበሩት ወረርሽኙ ሲመጣ የማኅበረሰብ ሥራው ቀርቶላቸው የወራት ክፍያ ቀድሞ ተሰጣቸው። ለምን ቶሎ ደረሳቸው? ስማቸው ቀድሞ ተመዝግቦ ስለነበር ነው። የቀረውን ሕዝብ የያዘው ማዕድ ማጋራት ነው። ኪራይ የተወ አከራይ፣ እህል ያዋጣ እድር፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን በአንድ መኪና የወጣ ዱቄት። ወሎ በዚህ አይታማም። ግን ሰጪው ራሱ ሥራ ፈትቶ ነበር። እስከ ስንት ወር ይሰጣል?

ሩቅ ሳንሄድ አፍሪካ ውስጥ ቶጎ የምትባል ትንሽ አገር አለች። በዚያው በመጋቢት መጨረሻ «ኖቪሲ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረች። መደበኛ ሥራ የሌለው ሰው ከተራ ስልኩ አጭር ቁጥር ይደውላል፤ በምርጫ ካርዱ ይመዘገባል፤ ገንዘቡ በስልኩ ይገባለታል። ለሴቶች ከወንዶች ትንሽ ከፍ ያለ ይከፈል ነበር። ፔሮል አልጠየቁም፤ መያዣም አልጠየቁም።

እኛ ያኔ ይህን ማድረግ ይከብደን ነበር። ቴሌብር የመጣው በ2013 ግንቦት ነው። አሁን ግን ጎመን የምትሸጠው እናት ሳትቀር በስልክ ትቀበላለች። መንገዱ ተገኝቷል። የጎደለን ስም ዝርዝሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው በታመመ ማግስት አይዘጋጅም።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። በየቀበሌው ፔሮል የሌላቸው ሠራተኞች መዝገብ አሁን፣ በጤናችን ቀን፣ ይከፈት። ሥራው፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የስልክ ቁጥሩ፤ በቃ። ስልክ የሌለው በእድሩ በኩል ይያዝ።

ሁለት ስጋት እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንደኛው «ዘመድ አዝማድ ይገባበታል» ነው። እውነት ነው፣ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ በእድር ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ የምለው። ማን ጉልት እንደሚውል፣ ማን ፎቅ እንደሚያከራይ እድርተኛው ያውቃል። ሁለተኛው ይብሳል፤ «ተመዝገቡ ያሉን ግብር ሊጥሉብን ነው» የሚል። ይህ ፍርሃት ካልተነሳ አንድም ሰው አይመዘገብም።

ከፊት ወንበር ያላችሁ የከተማው ኃላፊዎች፣ ይህ መዝገብ ለግብር እንደማይውል በደብዳቤ፣ በማኅተም አረጋግጡልን። የእድር ሰብሳቢዎች፣ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባችሁ አጀንዳ አድርጉት። ፎርሙን እኔና የሙያ ጓደኞቼ በነፃ እናዘጋጃለን፤ ጸሐፊዎቻችሁንም እናሠለጥናለን። ፈቃደኛ የሆነ እድር ዛሬ ከመውጣቱ በፊት ስሙን በር ላይ ላሉት ልጆች ያስመዝግብ።

አመሰግናለሁ።