በአዳራሽ ውስጥ መኪና ፎቶ ማንሳት፦ ለጀማሪዎች

[ምስል፦ በጣሪያ ላይ የተደረደሩ መብራቶች፤ ካሜራው ቀስ እያለ ወደ አንድ ጥቁር መኪና ኮፈን ይወርዳል]

ጤና ይስጥልኝ፣ ተመልካቾቻችን። በዋሽንግተን ዲሲ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ ማብቂያ አካባቢ፣ በዋልተር ኢ. ዋሽንግተን የስብሰባ ማዕከል ሰፊ የመኪና ትርዒት ይካሄዳል። ብርዱ ከቤት በማያስወጣበት ወቅት በጣሪያ ሥር የሚቀርብ በመሆኑ፣ በከተማዋና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ፎቶ ማንሳት ለጀመራችሁ ሁሉ ምቹ መለማመጃ ነው። በዚህ ቪዲዮ የምናብራራው፣ ውድ ካሜራ የሌለው ሰው ከእንዲህ ያለ አዳራሽ ጥሩ ፎቶ ይዞ እንዴት ሊወጣ እንደሚችል ነው።

አዲስና የተወለወለ መኪና በአዳራሽ ውስጥ የራሱ መልክ ብቻ አይታይበትም። የጣሪያው መብራት፣ የጎረቤቱ ኩባንያ ማስታወቂያ፣ የሚያልፈው ሰው፣ ፎቶ አንሺው ራሱ ሳይቀር ቀለሙ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ እዚህ ቦታ መኪና ማንሳት ማለት በአብዛኛው ነጸብራቅ ማንሳት ማለት ነው፤ ጀማሪው የካሜራውን ቁልፎች ከመነካካቱ በፊት ሊለማመደው የሚገባውም ይህንኑ ነጸብራቅ ማየት ነው።

[ምስል፦ አንሺው ከመኪናው ፊት ቆሞ፣ ከዚያም ቁጢጥ ብሎ]

ከጥቁር መኪና ፊት ለፊት ቆመው ኮፈኑን ይመልከቱ። የጣሪያው መብራቶች በነጭ ነጠብጣብ መልክ ተበታትነውበት ያያሉ። አሁን ካሜራውን ሳያነሱ፣ ዓይንዎ ከመኪናው የፊት መብራት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ቀስ ብለው ቁጢጥ ይበሉ። ነጠብጣቦቹ ወደ እርስዎ እየተንሸራተቱ ብዙዎቹ ከኮፈኑ ጠርዝ ወርደው ይጠፋሉ፤ በእነርሱ ቦታም የሩቁ ግድግዳ ጥላ ይተካና የኮፈኑ ቅርጽ፣ እጥፋቱና ጉብታው ይገለጣል። በጎን በኩልም እንዲሁ ነው፤ በሩ ላይ የጎረቤት ማስታወቂያ ካረፈ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሄድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለዚህ ሥራ ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ልብስ መልበስ ይመረጣል። ቢጫ ጃኬት ለብሶ ብርማ መኪና የሚያነሳ ሰው በሩ ላይ ቢጫ ቀለም እንደ መቀባት ይቆጠርለታል።

ካሜራ የያዙ ሰዎች ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ገጥመው በማዞር ከመስታወትና ከቀለም ላይ የሚመለሰውን ብርሃን መቀነስ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ማጣሪያው በክሮም ላይ እምብዛም አይሠራም፤ ከዚህም በላይ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቀንስ፣ ብርሃን በሚያጥርበት አዳራሽ ውስጥ ለጀማሪ ብዙም አልመክረውም። ፍላሽን ግን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ በተወለወለ ገላ ላይ ነጭ ቋጠሮ ከመተው በቀር የሚረዳው ነገር የለም።

ቦታዎን ከመረጡ በኋላ የሚመጣው የብርሃን መጠን ነው። ካሜራም ሆነ ስልክ የሚያየውን ነገር ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማቅረብ ይሞክራል። በዚህ ምክንያት ጥቁሩን መኪና ያለ ልክ ያበራውና አመድማ ያደርገዋል፤ ነጩን ደግሞ ያጠቁረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በስልክዎ ስክሪን ላይ መኪናውን ነክተው የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት፣ ለጥቁር መኪና ወደ ታች፣ ለነጭ መኪና ወደ ላይ ጥቂት ይጎትቱ። ካሜራ ላይ ከሆነ በብርሃን ማስተካከያው (+/−) ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ ያህል መቀነስ ወይም መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ለካሜራ መነሻ የሚሆነው ልክ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 4 ወይም ኤፍ 5.6፣ የሹተሩ ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) ከ1600 እስከ 3200 ነው። ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ቢል አይደንግጡ፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ አይስተካከልም፣ አሸዋው ግን ይቀነሳል። ክርንዎን ከጎንዎ ጋር ያጣብቁ፣ ምሰሶ ካገኙ ይደገፉ። ትራይፖድ በብዙ ትርዒቶች ስለሚከለከል ይዘው ከመሄድዎ በፊት የአዘጋጆቹን ደንብ ይመልከቱ።

1/60ን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 60 ዑደት ስላለው አንዳንድ መብራቶች በሰከንድ 120 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይናችን ይህን ባይለይም ፈጣን የካሜራ ሹተር ግን ይይዘውና ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይተዋል። በኢትዮጵያ ኃይሉ 50 ዑደት በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ የሚያነሱ ከሆነ 1/50 ወይም 1/100 ይጠቀሙ። የመኪናው የራሱ ኤልኢዲ መብራትና የዳሽቦርዱ ስክሪን በሌላ ፍጥነት ሊርገበገቡ ስለሚችሉ፣ መስመር ካዩባቸው ፍጥነቱን ጥቂት ዝቅ አድርገው ደግመው ያንሱ።

[ምስል፦ አንድ መኪና፣ ግማሽ ገላው ወደ ቢጫ ግማሹ ወደ ሰማያዊ ያደላ]

ቀለሙም ያስቸግራል። መኪናውን ለማድመቅ ከቅርብ የተተከሉት መብራቶችና የአዳራሹ የጣሪያ መብራቶች አንድ ዓይነት ቀለም ላይኖራቸው ይችላል። ካሜራዎ ሮው የሚባለውን፣ በካሜራው ያልተቀነባበረ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ ያንን ይምረጡ፤ ቀለሙን ቤት ገብተው ማስተካከል ይቀልልዎታል።

መኪናውን ሙሉ ለማንሳት፣ ፊቱና አንድ ጎኑ አብረው የሚታዩበትን ማዕዘን ይያዙ። በስልኩ ሰፊ ሌንስ ተጠግቶ ማንሳት ፓራውልቱን አሳብጦ የኋላውን ያኮስሰዋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ዋናውን ሌንስ ይጠቀሙ። ቅዳሜና እሑድ ሕዝቡ በሚበዛበት ሰዓት ይህ አይሆንልዎትም። ያን ጊዜ ሙሉ መኪናውን ይተዉትና ወደ ክፍሎቹ ይሂዱ፦ ቸርኬው፣ የፊት መብራቱ ውስጠኛ ቅርጽ፣ ስፖኪዮው፣ የመቀመጫው ስፌት። እውነቱን ለመናገር፣ ከሰው ትከሻ በላይ ከተነሳ ሙሉ መኪና አንድ በጥንቃቄ የተነሳ ቸርኬ ይሻላል።

ለውስጡ ክፍል፣ አስተናጋጁን አስፈቅደው በኋላ ወንበር መሐል ይቀመጡና መሪውንና ዳሽቦርዱን አብረው ያንሱ። ከፊት መስታወቱ ውጭ ያለው ብርሃን ቢነጣ ግድ የለም፤ መለካት ያለበት ዳሽቦርዱ ነው። በወንበሩ ላይ ወይም በመስታወቱ ውስጥ የሰው ፊት ከገባ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ልጆች ከሆኑ ወላጆቻቸውን።

ከእያንዳንዱ መኪና አጠገብ ከመነሳትዎ በፊትም ስሙና ዓይነቱ የተጻፈበትን ሰሌዳ አንድ ጊዜ ያንሱት። ከብዙ ተመሳሳይ ግራጫ መኪናዎች መካከል የትኛው የትኛው እንደ ነበር ለመለየት ቤት ሲገቡ የሚረዳዎት እርሱ ነው።