ዝም ብል ምን ነበረበት

እሺ። ዛሬም ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኜ ነው ድምፄን የምቀርጸው፣ ጋቢ ተከናንቤ። ዶሮው ከጮኸ እለፉት። ሸጥነው ያልኳችሁ ውሸት ነበር።

ስለ በረዶው ነው። አውቃለሁ፣ ሳምንት አለፈው። ጎንደር ውስጥ የቀረጸው ሁሉ ለጥፎ ጨርሷል። እኔ ግን አልወጣልኝም።

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል፣ በረዶው ግን አልሰማም። ማራኪ፣ እኛ ሰፈር፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የተወረወረ መስሎኝ የእነዚያን ልጆች ልሳደብ ወጣሁ። ከዚያ መደማመጥ ቀረ። ቆርቆሮ ቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፣ ድምፅ የለም። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሲያባራ ግቢው ነጭ! አሸንዳው ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት ተከምሯል። መንገድ ላይ ባጃጆች ቆመዋል፣ አንዱ ሾፌር በባዶ እጁ እየዛቀ የሌላው አንገት ውስጥ ይጨምራል። ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው። እኔም ባልዲዋን ሞላኋት። አዎ፣ ያቺው የተሰነጠቀችዋ።

ካናዳ ላለችው ለአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ሳሳያት ሳቀችብኝ። የእነሱ ያለ ድምፅ ነው የሚወርደው፣ ጠዋት ስትነሳ መኪናዋ ተቀብሯል። የእኛ ነጋሪት እያስመታ ነው የሚገባው። አማርኛ ደግሞ ሁለቱንም በረዶ ይላል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም ጨምሮ። ለእነሱ ዓይነቱ አመዳይ የሚል ቃል ነበረን፣ ዳዊት የደገመ ያውቀዋል። ደግሞ እኮ ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከጥንቱ የአዱሊስ ወደብ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ የሰሜን ተራሮች በረዶ ሰውን እስከ ጉልበት ያሰምጣል ይላል። እዚሁ፣ አፍንጫችን ሥር! ኧረ ተውኝ፣ ከነገሬ ወጣሁ።

እማዬ ወጣች። ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ። “ግቡ፣ ብርድ ይመታችኋል” ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጎንበስ አለች። አንዲት መረጠች። አዎ፣ መረጠች፣ ገበያ ላይ ቲማቲም እንደምታገላብጠው። አፏ ውስጥ ከተተቻት። ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ሁሌ አፏን በነጠላ እንደምትሸፍን ነግሬያችሁ የለ? አልሸፈነችም። ሌላ አንስታ ሰጠችኝ። “ብዪ፣ ሳይቀልጥ።”

እኔ ምን አልኩ? “እማዬ፣ የዳባቱ ባቄላ እንዴት ሆኖ ይሆን?”

ምን አስባለኝ? ያበበ ባቄላ በረዶ ሲመታው ምን እንደሚሆን ለእሷ እኔ ነኝ የማስታውሳት? ገበሬ ቤት ላደገችው? አስተዋይ ለመባል ይመስለኛል። ወይ ደግሞ ጎመኔን ወንፊት ሲያደርገው አይቼ... እንጃ። ፊቷ መብራት እንደሄደበት ቤት ድርግም አለ። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። “እስቲ ደውይ” አለችኝ።

ዳባት ደወልኩ። ጋሼ ናቸው ያነሱት። “ኧረ እዚህስ ጠብ አላለ፣ ልጄ። ፀሐይ ነው።” በረዶ እንዲህ ነው፣ አንዱን ሰፈር ቀጥቅጦ ጎረቤቱን አይነካም። አዘዞ እንኳ ዝናብ ብቻ ነበር አሉ። “እማዬ፣ ደህና ናቸው!” ብዬ ዞርኩ።

ገብታለች።

እኔ ባልጠይቅም ራሷ ታስበው ነበር፣ አይደል? ሁለት ደቂቃ ቆይታ። ቢበዛ አምስት። ግን አምስት ደቂቃም እኮ... የሰጠችኝን አልበላኋትም፣ ታውቃላችሁ? ስልኩን ሳወጣ እጄ ላይ ቀለጠች።

ትናንት ሰማዩ ሲጠቁር እማዬ ልብስ ትሰበስብ ነበር። ቀና ብላ ደመናውን አየች፣ ከዚያ እኔን። አንድ ነገር ልል ነበር፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን...

ይኸው! ጀመረ ይሄ ዶሮ። ቆይ፣ ልየው።