ቱታ ለብሳችሁ ውጡ
(በአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች ምረቃ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የዛሬ ተመራቂ ልጆቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃን።

ምረቃው በጋዋን ሳይሆን በቱታ ይሁን ስል ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፎቶው ለዘመድ ይላካል፤ ይገባኛል። እኔና እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን ጋራዥ የገባን ቀን እልል ያለልን ሰው አልነበረም። «ትምህርት እምቢ ሲለው ጋራዥ ገባ» ነው የተባልነው። ይህን ቃል አርባ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ዛሬ ላወርደው ነው የመጣሁት፤ የሚያግዘኝም አንድ የሩቅ አገር ሰው አለ።

ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮ ይባላል፤ አርጀንቲናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951፣ ከዚያም ከ1954 እስከ 1957 በተከታታይ፣ አምስት ጊዜ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በአልፋ ሮሜዮ፣ በመርሴዲስ፣ በፌራሪ፣ በማሴራቲ፤ በየትኛውም ቢያስቀምጡት ያሸንፍ ነበር። 51 ጊዜ ተወዳድሮ 24ቱን ወስዷል። ታሪኩን የሚነግሩን ሰዎች መሪ ከጨበጠበት ቀን ይጀምሩና «ሲፈጥረው ሹፌር» ብለው ይዘጉታል። እኔ ከቱታው ነው የምጀምረው።

በ1911 ባልካርሴ በምትባል ድንች አምራች ከተማ ተወለደ። አባቱ ከጣሊያን፣ ከአብሩዞ የመጡ ግንበኛ ነበሩ። ልጁ ገና በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባ። አደገና ከጓደኞቹ ጋር የራሱን ጋራዥ ከፈተ። በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረበት መኪና የፎርድ ታክሲ ነበር። በኋላም የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ሼቭሮሌ ገዛለት። አውሮፓ ሄዶ በመደበኛነት መወዳደር የጀመረው በ1949 ነው፤ 38 ዓመቱ ነበር። እስከዚያ የት ነበር? ከመኪና ስር ነበር ልጆቼ!

በ1940 ያሸነፈውን ውድድር አስቡት። ከቡዌኖስ አይረስ ተነስቶ ሊማ፣ ፔሩ ደርሶ መመለስ ነው፤ ወደ 9,500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ የፈጀ። መንገዱ አቧራ፣ ጭቃና ገደል ነው። የአንዲስን ተራራ ስትወጡ አየሩ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ምን ይሆናል? አስተምሬያችኋለሁ፤ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ወደ ባሕር ዳርቻው ስትወርዱ ደግሞ ያስተካከላችሁትን መልሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ። እዚያ ተራራ ላይ ስልክ ደውላችሁ የምትጠሩት ባለሙያ የለም። ሞተሩ ሲያቃስት ሰምቶ የት እንዳመመው የሚያውቅ ጆሮ ያስፈልጋል። ይህ ጆሮ ከሰማይ አይወርድም፤ ጋራዥ ውስጥ በዓመታት ነው የሚገኘው።

በ1948ም በሌላ እንዲህ ያለ ረጅም ውድድር ላይ፣ ፔሩ ውስጥ ዋንቻኮ አጠገብ፣ መኪናው በሌሊት ተገለበጠ። ረዳቱና የአገሩ ልጅ ዳንኤል ኡሩቲያ ሞተ። ተወዳዳሪው ዩሴቢዮ ማርሲላ ሰዓቱ እየሄደበት ቆሞ አነሳቸው። ፋንጂዮ ከዚያ በኋላ ውድድርን ሊተው አስቦ ነበር። «ረዳት» የሚለውን ቃል እኛ አቃለን እንጠራዋለን፤ እሱ ግን ረዳቱን ቀብሮ መሪ መጨበጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቅ ነበር።

አሁን ዓለም ወደሚያወራው ቀን ልምጣ። ኦገስት 4 ቀን 1957፣ ኑርቡርግሪንግ የሚባለው የውድድር መንገድ፣ ጀርመን። አንዱ ዙር ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዙሩም 22። የፌራሪ ልጆች፣ ማይክ ሆቶርንና ፒተር ኮሊንስ፣ ሳይቆሙ ለመጨረስ ታንካቸውን ሞልተዋል። የ46 ዓመቱ ፋንጂዮ በማሴራቲው ግማሽ ታንክ ይዞ ወጣ፤ ጎማውም ለስላሳ ነው። መኪናው ቀለለ፣ መሬቱን ነከሰ፣ እሱም መራ። ነዳጅና ጎማ ሊለውጥ ሲቆም አንድ የጎማ ብሎን ተንከባሎ ከመኪናው ስር ገባ። ከፌራሪዎቹ ከ40 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመንገዱን ክብረ ወሰን ደጋግሞ ሰበረው። ኩርባዎቹን ከለመደው በአንድ ማርሽ ከፍ አድርጎ ያልፋቸው ጀመር። አንዱን ዙር በ9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ ጨረሰ፤ ቀድሞ በማጣሪያው ራሱ ካስመዘገበው በ8 ሰከንድ የፈጠነ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሁለቱንም አልፎ በ3.6 ሰከንድ አሸነፈ።

«ድፍረት ነው» ይላሉ። እስቲ ንገሩኝ! የግማሽ ታንክ ክብደት ለፍሬን፣ ለጎማ፣ ለኩርባ ምን እንደሚያደርግ አስቦ ዕቅድ ማውጣት ድፍረት ነው? ማርሹን ከፍ ሲያደርግ ሞተሩ እንደሚሸከመው ማወቅ ድፍረት ነው? ይህ የእኛ ሙያ ነው! ይህ እናንተ ሁለት ዓመት የተማራችሁት ነው! የመካኒክን እውቀት ወስደው «ተሰጥኦ» የሚል ስም ይለጥፉበታል፣ መካኒኩን ግን በጓሮ በር ያስገቡታል። እዚህ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ምን ይሠራል ስትባሉ ድምፃችሁን ዝቅ አታድርጉ!

ከእሱ ጋር የሚያገናኘን ነገርም አለ። ጋራዣችን ውስጥ የምንጠራራባቸውን ቃላት ተመልከቱ፤ ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው፤ በማሴራቲና በፌራሪ ጋራዥ በፋንጂዮ ጆሮ ዙሪያ ይጮኹ የነበሩት እነዚሁ ናቸው።

ስለ ኮሊንስ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። በ1956 ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ፣ ሁለቱም ለፌራሪ ሲነዱ፣ እሱም ሻምፒዮን የመሆን ዕድል እያለው፣ መኪናው ለተበላሸበት ፋንጂዮ የራሱን መኪና አስረከበው። ወጣት ነበር።

ፋንጂዮ የመጨረሻ ውድድሩን የሮጠው ጁላይ 6 ቀን 1958 በሬምስ፣ ፈረንሳይ ነው። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ተበላሽቶበትም እስከ መጨረሻው ነድቶ አራተኛ ወጣ። የሚመራው ሆቶርን ከኋላው ደርሶ በዙር ሊቀድመው ሲል፣ በአክብሮት ፍጥነቱን ቀነሰ። ፋንጂዮ ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1995 ሲሞት 84 ዓመቱ ነበር፤ የተቀበረውም ባልካርሴ ነው።

አሁን ስማችሁ ይጠራል። ቱታችሁን እንደለበሳችሁ፣ በፊት ለፊቱ በር ግቡና ወደ መድረኩ ውጡ።