የቴስቶስተሮን መርፌ፦ ስለ ልብ ሲጠየቅ የሚዘነጋው ጉዳይ

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ አመሻሽ። በሐይቁ ዳር የሚሮጡ ወጣቶች፤ ቀጥሎ ብረት የሚነሣበት ጂም]

ተራኪ፦ ሐዋሳ ውስጥ ሲመሻሽ ጂሞች ይሞላሉ። በአንድ ብረትና በሌላው መካከል ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ «አቅም ይመልሳል፣ ጡንቻ ያወጣል» የሚባለው የቴስቶስተሮን መርፌ ነው። ጠያቂው ሁሉ የሚያስቀድመው «ልብን አይጎዳም ወይ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለወጣት ግን ከእሱ የሚቀድም አለ፤ ልጅ መውለድ ትፈልጋለህ?

[ምስል፦ ሥዕላዊ መግለጫ፤ ከፒቱታሪ ዕጢ ወደ ቆለጥ የሚወርድ ቀስት]

ቴስቶስተሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በዋናነት የሚመረተው በቆለጥ ውስጥ ነው፤ ትእዛዙ የሚወርደው ግን ከአንጎል ሥር ካለችው ከፒቱታሪ ዕጢ ነው። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ዕጢዋ «በቂ አለ» ብላ ትእዛዟን ታቋርጣለች። ቆለጥ ሥራ ይፈታል፤ እያደርም ይኮማተራል። የወንዴ ዘር እንዲመረት ደግሞ በቆለጥ ውስጥ ያለው የሆርሞን ክምችት በደም ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት። እሱ ሲወርድ የዘር ምርት ይመናመናል፤ በብዙዎች ላይም ጨርሶ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ባደረገው ጥናት በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስተሮን የተሞከረው ለወንዶች የወሊድ መከላከያነት ነበር፤ ውጤታማም ሆኗል። «የወንድነት መርፌ» የሚሉት እንግዲህ ይህንኑ ነው። መርፌው ሲቆም ምርቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። በዚህ መካከል ልጅ ሲዘገይ ለምርመራ የምትላከው ሚስት ናት።

[ምስል፦ የላቦራቶሪ ውጤት ወረቀት፤ ጣት «ኤችሲቲ» የሚለውን መስመር ያመለክታል]

ሁለተኛው ጉዳይ ደም ነው። ቴስቶስተሮን የቀይ የደም ሴል ምርትን ያፋጥናል፤ መርፌው ደግሞ በቆዳ ላይ ከሚቀባው ዓይነት ይበልጥ። በተለመደው የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ምርመራ ወረቀት ላይ ኤችሲቲ ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ከደሙ ምን ያህሉ ቀይ ሴል እንደሆነ በመቶኛ ይናገራል። ከ54 ካለፈ ደሙ ወፍሯልና ሐኪሞች ሕክምናውን ያቆማሉ ወይም መጠኑን ይቀንሳሉ። ምርመራው ቀላል ነው፤ መርፌውን በወዳጅ ምክር የጀመረ ሰው ግን ማን ያዝዝለታል?

አሁን ወደ ልብ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ትራቨርስ የተባለው ጥናት ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 80 የሆኑ፣ ሆርሞናቸው ያነሰና ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ5,000 በላይ ወንዶችን ተከታትሏል። ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም በልብና በደም ሥር ሕመም ምክንያት የመጣ ሞት ቴስቶስተሮን ከተቀቡት 7.0 በመቶውን፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ቅባት ከተሰጣቸው ደግሞ 7.3 በመቶውን አግኝቷል። ደስ የሚል ዜና ነው። ነገር ግን የልብ ምት መዛባት፣ በሳንባ የደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደምና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በቴስቶስተሮኑ ወገን በዝተዋል። ያልተጠበቀው ደግሞ የአጥንት ስብራትም መብዛቱ ነው። ይህ ሁሉ የታየው እጥረታቸው በተረጋገጠ፣ መጠኑም እየተለካ በሚሰጣቸው ሰዎች ላይ ነው። ጂም ውስጥ የሚወሰደው መጠን ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ይበልጣልና ማንም በዚህ ጥናት ሊጽናና አይችልም።

ከሽንት ፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ፣ ፕሮስቴትስ? በዚያው ጥናት ካንሰሩ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። ሆኖም የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ፈጽሞ አይጀምረውም።

[ምስል፦ የሐኪም ጠረጴዛ]

ሕክምናው የሚገባቸው ሰዎች አሉ። እጥረት የሚባለው ምልክት ኖሮ፣ በተለያዩ ቀናት በማለዳ የተወሰደ ሁለት የደም ምርመራ ሲያረጋግጠው ነው፤ ሆርሞኑ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ የማታ ምርመራ ያሳስታል። ውፍረት፣ ስኳርና እንቅልፍ ማጣትም ሆርሞኑን ስለሚያወርዱ አስቀድሞ እነሱን ማከም ይበጃል።

የጀመራችሁ ካላችሁ ብቻችሁን ከማቋረጥ ይልቅ ሐኪም አማክሩ። ለመካንነት ምርመራ ስትሄዱም መርፌውን አትደብቁ፤ ዘር አለመገኘቱ በእሱ ምክንያት ከሆነ የሚታዘዘው ሕክምና ሌላ ነው።