በር የሌለው ቁልፍ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ቅዳሜ ዕለት የሄድኩበትን ቦታ ላውራችሁ።

ኮርፍ ካስል ትባላለች። ደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ ያለች ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ቤቶቿ ጣሪያቸው ሳይቀር ግራጫ ድንጋይ ነው። ከበላያቸው፣ ጉብታው ላይ፣ የፈረሰ ግንብ ቆሟል። በግርጌው የድሮ የእንፋሎት ባቡር እየጮኸ ያልፋል። ለቱሪስት ነው፤ ቢሆንም ደስ ይላል።

ግንቡን ሳየው እርጅና የጣለው መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ መቶ ዓመት ቀላል ነው እንዴ? ለካስ በባሩድ ነው የፈረሰው። ያውም በትእዛዝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1640ዎቹ የእንግሊዝ ንጉሥና ፓርላማው ጦር ተማዘዙ። የግንቡ ባለቤት ሰር ጆን ባንክስ ዳኛ ነበሩ፣ የንጉሡ ሰው። በ1643 የፓርላማው ጦር ግንቡን ሲከብ እሳቸው አልነበሩም። የተከላከሉት ሚስታቸው ሜሪ ናቸው። ከሴት ልጆቻቸው፣ ከገረዶቻቸውና ከጥቂት ወታደሮች ጋር ሆነው ከላይ ድንጋይና ፍም አወረዱበት። ጦሩ ተመለሰ። በ1646 ግን ከራሳቸው መኮንኖች አንዱ ከዳ። ረዳት ጦር ነው ብሎ ጠላትን በበር አስገባ። ለቤት ሌባ ምን መላ አለው?

ከዚያ ፓርላማው ይፍረስ አለ። ግድግዳው ሥር እየቆፈሩ ባሩድ ቀበሩበት። አንዱን የበር ግንብ ብታዩት! ግማሹ ቦታው ላይ ነው። ግማሹ ደግሞ ሳይበታተን፣ እንደቆመ ቁልቁል ተንሸራቷል። አዝራሩ ተዛንፎ የተቆለፈ ሸሚዝ ነው የሚመስለው። መሐሉ ላይ ቆሜ ብዙ አየሁት።

ድንጋዩንማ መንደርተኛው ወስዶ ቤት ሠራበት። ሻይ የጠጣሁበት ቤት መስኮት ሥር አንድ በጥሩ የተጠረበ ድንጋይ አለ። የግንቡ ነው ይላሉ። እውነትም ለዚያች ቤት ይበዛባታል።

ሜሪ ሲወጡ ግን ለጀግንነታቸው ክብር የግንቡን ቁልፎች እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። ቁልፎቹ ዛሬም አሉ፤ ቤተሰቡ በኋላ በሠራው ኪንግስተን ሌሲ በሚባል ቤት ተሰቅለዋል።

ይሄን ስሰማ መሳቢያዬ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ያደግኩበት ቤት ቁልፍ እዚያ ውስጥ አለ። ቤቱ ለመንገድ ፈርሷል፣ ቆየ። እዚህ አገር አራት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ፤ ስንት ዕቃ ስጥል ያቺን ቁልፍ ግን አንዴም አልጣልኳትም። ማታ ስመለስ አወጣኋት። ትንሽ ዝጋለች።